ወርቁ ሲጎድል ማን ይሞላል?

በ2014 አሶሳ ውስጥ ዘይት ተሸክሜያለሁ። መሸከሙ አይደለም ነገሩ፤ የተሸከምኩት ማታ ነው። ያኔ በወለጋ በኩል ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ በጸጥታው ችግር ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ደግሞ ይዘጋል። መኪና በእጀባ የገባ ቀን ከተማው ሰርግ ያለበት ይመስላል። ሥራ ፈት ስለነበርኩ አንድ የሰፈራችን ነጋዴ ጠሩኝና ሱቁ ውስጥ የተደረደረውን ባለ አምስት ሊትር ዘይት ሁሉ ጓሮ ወዳለው መጋዘን እንዳዞር አዘዙኝ።

«ጋሼ፣ ነገ ሰው ሲጠይቅስ?» አልኳቸው።

«የለም ነዋ! መንገዱ ተዘግቷል አይደል እንዴ? እኔስ ከየት አምጥቼ ነው በዱሮው ዋጋ የምሸጠው?»

ለድካሜ አንዱን ጀሪካን ሰጡኝ። እኔም ይዤ ገባሁ።

ይሄን የምነግራችሁ ቤታችን ውስጥ ሲነገር ያደግኩበት ታሪክ ስላለ ነው። አባቴ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተነስተው አሶሳ ከሰፈሩት ሰዎች ልጆች አንዱ ነው፤ በስም ሳይሆን በቁጥር ከሚጠሩት መንደሮች በአንዱ ነው ያደገው። አያቴ ከመነሳቷ በፊት የብር ድሪዋን ለአንድ እህል ነጋዴ ሰጥታ በምትኩ ጥቂት ጣሳ ማሽላ ተቀብላለች። ያ ነጋዴ በቤታችን ሰይጣን ማለት ነው። ልጅ ሆነን ስንሰገበገብ «እንደዚያ ሰውዬ» እንባላለን። እኔ ደግሞ ዘይቱን ተሸክሜ እቤት ስገባ የታየኝ እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ስለምኖርበት አገር ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት። ትምህርት ቤት የተማርኩት ቤኒሻንጉል ወርቅ እንዳለው ብቻ ነበር። ወርቁ ማንን ምን እንዳደረገ ግን አልተማርኩም።

የጣሊያኑ የታሪክ ምሁር አሌሳንድሮ ትሪዉልዚ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለዚህ አገር ባሳተመው መጽሐፍ ርዕስ ላይ ጨውንና ወርቅን ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። ለምን ቢባል፣ እዚህ ወርቅ ከአሸዋ ይታጠባል፣ ጨው ግን የለም። የበርታ ሰው ወርቁን አጥቦ ለጨውና ለጨርቅ ይሰጣል። ወርቅ አይበላማ! ጨው የያዘው ነጋዴ ዋጋውን ይወስናል፣ ወርቅ የያዘው ይቀበላል። ከሱዳን የመጡ የዓረብ ነጋዴዎች የበርታ ሴቶችን አግብተው ሲዋለዱ ደግሞ ልጆቻቸው ቀስ በቀስ ገዢ ሆኑ። ወታዊጥ ይባላሉ፤ በዓረብኛ የሌሊት ወፎች ማለት ነው። ወፍም አይጥም ያልሆኑ ለማለት ነው ይላሉ። ቃሉ ስድብ ይሁን ቀልድ እንጃ፣ ግን ገበያውና ግብሩ አንድ እጅ ገባ።

የወርቁ ወሬ ሩቅ ሄዷል። ከ200 ዓመት በፊት የግብጹ ገዢ መሐመድ ዓሊ ሁለት ነገር ጎድሎት ነበር፤ ገንዘብና ወታደር። ሁለቱንም ከደቡብ አመጣለሁ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1820 ወደ ሱዳን ጦር ላከ። ልጁ እስማኤል እስከ ፋዞግሊ፣ ማለትም እስከዛሬው ቤኒሻንጉል ደጃፍ ድረስ ዘለቀ። የተወራውን ያህል ወርቅ አላገኘም። ሲመለስ ሸንዲ ላይ የአገሩን ገዢ መክ ኒምርን ሊሞላ የማይችል ግብር ጠየቀው። ኒምር አይቻለኝም ቢለው በያዘው የትምባሆ ፒፓ ፊቱን መታው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1822 እስማኤል እዚያው ሸንዲ ላይ ካረፈበት ቤት ጋር በእሳት ተቃጠለ። ለበቀል የመጣው ጦር የጨረሰው ግን ኒምርን አይደለም፤ እሱ ወደ ኢትዮጵያ ጠረፍ አምልጧል። ያለቁት በነገሩ ያልነበሩበት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው። መሐመድ ዓሊ ተስፋ አልቆረጠም፤ 70 ዓመት ሊሞላው ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1838 ማብቂያ ላይ፣ ራሱ ወደ ፋዞግሊ ተጓዘ። አሁንም ወርቁ የልቡን አላደረሰለትም። ወደ ግብጽ የሚነዳው ባሪያ ግን አልተቋረጠም።

ወደ እኛው ቤት ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ከ1880 ጀምሮ አራት ዓመት ያህል የቆየውን ክፉ ቀን ታውቁታላችሁ። ከብቱን በሽታ ጨረሰው፣ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፣ ድርቁና አንበጣው ተጨመረበት። አፄ ምኒልክ ለሕዝቡ አርአያ ይሁን ብለው በእጃቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ ይነገራል። ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ እውነትም ይመስለኛል። ከዚያ ከአስር ዓመት ባነሰ ጊዜ፣ ከዓድዋም በኋላ በ1890፣ የራስ መኮንን ጦር ቤኒሻንጉል ገባ። አንዱ ምክንያት ጠረፍ ነው፤ እንግሊዝም መሐዲስቶችም አካባቢውን ይፈልጉት ነበር። ሌላው ወርቁ ነው። ክፉ ቀንና ጦርነት ያራቆተው ግምጃ ቤት መሞላት ነበረበት።

የአካባቢው ሼሆች ተሸነፉ፣ ተማረኩ። ከነሱ አንዱ የአሶሳው ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ነበሩ። አዲስ አበባ ታስረው ከቆዩ በኋላ ተፈትተው አገራቸውን እንዲገዙ ተመለሱ፤ በየዓመቱ ወርቅ እንዲገብሩ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ወርቅ በየዓመቱ እኩል አይወጣም። ዝናብ ያንሳል፣ ወንዝ ይደርቃል፣ አጣቢው ይታመማል። ግብሩ ግን አይታመምም። ታዲያ የጎደለው በምን ይሞላል? በሰው ነው የተሞላው። የታሪክ ተመራማሪው አብዱሰመድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት ከ1897 እስከ 1938 (እ.ኤ.አ.) በቤላ ሻንጉልና በጉሙዝ ምድር የነበረውን የባሪያ ንግድ ተከታትለውታል። ከማዕከል የሚጠየቀው ግብር ወርቅም ባሪያም ነበር፤ የአካባቢው ባላባቶች ደግሞ ጠመንጃ ይዘው ደካማ ጎረቤቶቻቸው ላይ እየወረዱ ያፍሱ ነበር። የሆጀሌ ባለቤት ሲት አምና ጠረፉን ተሻግረው ሱዳን ውስጥ ሰፍረው የባሪያ ንግዱን ያካሂዱ ነበር። በ1920ዎቹ ማብቂያ (እ.ኤ.አ.) የሱዳን መንግሥት አሰራቸው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን አጠፋለሁ ብላ ቃል ገብታለች፤ በማግስቱ ዓመት አዋጅም ወጥቷል። አዋጁ አሶሳ ለመድረስ ብዙ ዓመት ፈጀበት። ሆጀሌ በ1930 አረፉ፤ አዲስ አበባ ጉለሌ ያሠሩት ቤት ግን ስማቸውን ይዞ ቀርቷል። ሰፈሩን የሚያልፍ ሰው ግንቡ በምን እንደቆመ አይጠይቅም።

ሳነበው የነበረው ሁሉ አንድ ሰውዬ ሲናገር ይመስለኝ ጀመር። የካይሮው ገዢ፣ «ሠራዊቴ ይፈርስብኛል» ይላል። የአዲስ አበባው፣ «ግምጃ ቤቱ ባዶ ነው» ይላል። ሼሁ፣ «እኔም ታዝዤ ነው» ይላሉ። የኛው ጋሼ፣ «መንገዱ ተዘግቷል» ይላሉ። ማናቸውም አልዋሹም። መንገዱም ተዘግቷል፣ ግምጃ ቤቱም ባዶ ነበር። ነገር ግን ከላይ ግማሽ ወቄት ሲጠየቅ ታች ሲደርስ አንድ ወቄት የሚሆንበት ምክንያት አለ፤ በየመንገዱ ያለው እጅ የራሱን ጨምሮ ነው የሚያሳልፈው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብለን የተረትነው እኛው ነን። ችግር ከላይ ሊመጣ ይችላል፣ ጭማሪው ግን የየእጁ ነው። ለዚህ ነው ስግብግብነትን «የኑሮ ውድነት ያመጣው ነው» ሲሉኝ ግማሹን ብቻ የምቀበለው።

ዛሬም ወርቁ አለ። ከዝናብ በኋላ ወንዝ ዳር ብትወርዱ ሴቶች በገበታ አሸዋ ሲያጥቡ ታያላችሁ፤ ወርዶ የሚገዛቸው ሰው ትንሽ ሚዛን ኪሱ ውስጥ ይዟል። ወርቅ በሕጉ መንገድ ብሔራዊ ባንክ መግባት ነበረበት፤ ግን የባንኩ ምንዛሪና የጥቁር ገበያው በተራራቁ ቁጥር ብዙው በጠረፍ በኩል ሾልኮ ይወጣ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ወርቁ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ጎረፈ፤ በ2017 በጀት ዓመት ከቡና በልጦ የአገሪቱ አንደኛ የወጪ ንግድ ሆነ። ዜናውን ስሰማ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ያው ሐምሌ ደግሞ የዘይቱም ዋጋ አብሮ ወጣ። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ ለዋለችው ሴት ዋጋውን የሚነግራት አሁንም ሚዛን የያዘው ሰው ነው።

ያን ማታ ጀሪካኑን እናቴ ተቀበለችኝና ወጥ ሠራችበት። አባቴ ከየት እንደመጣ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ቆጣ ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ዝም ብሎ እጁን ታጠበና በላ። ቡና ሲፈላ የአያቴን ድሪ ታሪክ ጀመረልን፤ መቼም ሁላችንም በቃላችን ነው የምናውቀው። ያን ቀን ግን ከዚያ በፊት ነግሮን የማያውቀውን ጨመረበት። ነጋዴው ብቻውን አልነበረም አለ። ማሽላውን የሚሰፍርለት አንድ ጎረምሳ ነበር፤ ጣሳውን ሲሞላ አያቴን ቀና ብሎ አያያትም ነበር።

«ስንት ዓመቱ ይሆናል?» አልኩት።

«አንተን ያክላል» አለኝ።