ጢንዚዛ የመሰከረላት እናት

እኛ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን፤ ጢንዚዛ ምን አግብቶን? የሚል አንባቢ አይጠፋም። ያገባናል እንጂ! ከሶዶ ገበያ በቆሎ ገዝቶ ያስቀመጠ ሁሉ ነቀዝን ያውቃል። ነቀዝ የጢንዚዛ ወገን ነው። ዱቄት ውስጥ የሚራባው ሌላው ጢንዚዛ ደግሞ ከመቶ ዓመት በፊት አንድ የቆየ ክስ ውድቅ አድርጓል።

ክሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። «ሴት ብቻ ነው የምትወልደው» ይባላል፤ ሐሜቱ ይነሣል፤ አንዳንዴም ጣውንት ይመጣል። በወላይታ ጎሣ በአባት ይቆጠራል፤ ማላም ይሁን ዶጋላ፣ ልጅ የአባቱን ወገን ይይዛል። ሴት በሴት ላይ ስትወለድ ግን ሒሳቡ ወደ እናት ይዞራል። ለምን?

አውሮፓም ብትሆን ከዚህ ብዙ አልራቀችም ነበር። እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ድረስ ብዙ ሊቃውንት ፆታን የሚወስነው የእናቲቱ ምግብ ወይም ሙቀት ነው ይሉ ነበር። በ1891 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ጀርመናዊው ሄርማን ሄንኪንግ በአንድ ነፍሳት የወንድ ዘር ሕዋስ ውስጥ ጓደኛ ያጣ ነገር አየ፤ ምንነቱ ቢቸግረው «ኤክስ» አለው። በ1902 አሜሪካዊው ክላረንስ ማክለንግ ይህ ነገር ፆታን ይወስናል አለ፤ ዳሩ ግን ወንድ የሚያደርግ መስሎት ነገሩን ገለበጠው።

ቋጠሮውን የፈታችው ኔቲ ስቲቨንስ ናት። በ1861 የተወለደች አሜሪካዊት ስትሆን፣ ስታስተምር ኖራ በ35 ዓመቷ ዩኒቨርሲቲ ገባች። በ1905 የዱቄቱን ጢንዚዛ በማይክሮስኮፕ ስትመረምር በሴቷ ሕዋስ 20 ትልልቅ ክሮሞሶሞች፣ በወንዱ ግን 19 ትልልቅና 1 ትንሽ ቆጠረች። ትንሹ «ዋይ» የተባለው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የወንዱ ዘር ሕዋስ ሊከፈል ሲል ኤክስና ዋይ ተጣምረው ይቆማሉ። የኋላ ተመራማሪዎች ቅርጹን በፓራሹት መስለውታል፦ ኤክስ እንደ ጨርቁ፣ ዋይ እንደተንጠለጠለው ሰው። በመጀመሪያው ክፍፍል ሁለቱ ተለያይተው ወደየጫፋቸው ይሄዳሉ፤ በሁለተኛው እያንዳንዳቸው ለሁለት ይከፈላሉ። ስለዚህ ከአንድ ሕዋስ ከሚወጡት አራት ዘሮች ሁለቱ ኤክስ፣ ሁለቱ ዋይ ይይዛሉ። እንቁላሉስ? ሁልጊዜ ኤክስ ብቻ! ልዩነቱ የሚመጣው ከአባት ነው።

በዚያው ዓመት ኤድመንድ ዊልሰን በሌሎች ነፍሳት ላይ ተመሳሳይ ውጤት አገኘ፤ ለብዙ ጊዜም ከእሷ ይልቅ የእሱ ስም ገንኖ ተነገረ። እሷ በ1912 በጡት ካንሰር ሞተች።

ሰው ጢንዚዛ አይደለም፤ ጨርሶ ዋይ የሌላቸው ወንድ ጢንዚዛዎችም አሉ። በሰው ዘንድ ዋይ ወንድነትን እንደሚያመጣ የታወቀው በ1959 ነው። ዋናው ነጥብ ግን አንድ ነው፦ ዋይን የሚያወርስ አባት እንጂ እናት አይደለችም።

እንግዲህ ክሱን ከእናት ትከሻ አውርደን አባት ላይ እንጫን ማለታችን ነውን? አይደለም። እሱም መርጦ አይልክም፤ ክፍፍሉ እኩል ለእኩል ነው፣ የቀረው ዕጣ ነው። የሚከሰስ የለም። ለዕረፍት ወደየቀያችን ስንመለስ ይህ ክስ መነሣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ዝም ካልን መማራችን ለመቼ ነው?