የካሊፎርኒያ ጋዜጦችና የ1920 ድምፅ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በፌብሩዋሪ 23 ቀን 1905 ዓ.ም. «ሳን ፍራንሲስኮ ክሮኒክል» የተባለው የካሊፎርኒያ ጋዜጣ ስለ ጃፓን ስደተኞች ተከታታይ ጽሑፍ ማውጣት ጀመረ። አርእስቱ ቢለዋወጥም ፍሬ ነገሩ አንድ ነበር፤ ይኸውም ጃፓን የነጩን ሠራተኛ እንጀራ ይነጥቃል፣ ለሴቶችም ያሰጋል፣ ወንጀልንና ድህነትን ያስከትላል የሚል ነው። ብዙ ሳይቆይ በማርች ወር የግዛቲቱ ምክር ቤት የጃፓኖች መግባት እንዲገደብ የሚጠይቅ ውሳኔ ያለ አንዳች ተቃውሞ አሳለፈ። በሜይም እስያውያን እንዳይገቡ የሚታገል ማኅበር ተቋቋመ። በ1906 ደግሞ የከተማው የትምህርት ቦርድ 93 የጃፓን ተማሪዎች ተለይተው እንዲማሩ ስላዘዘ፣ የጥቂት ልጆች ነገር የዋሽንግተንንና የቶኪዮን መንግሥታት እስከ ማነጋገር ደረሰ።

ጥላቻውን ጋዜጣ ብቻውን ፈጠረው ማለት አይቻልም። የቻይና ሠራተኞችን የሚከለክለው ሕግ የወጣው አስቀድሞ በ1882 ነውና። የጋዜጣው ሥራ በየሰፈሩ ተበታትኖ የነበረውን ማጉረምረም ሰብስቦ፣ አርእስት ሰጥቶ፣ በየማለዳው ለአንባቢ ማቅረብ ነበር።

በ1907ና በ1908 በተደረገው ስምምነት ጃፓን ለሠራተኞች ፓስፖርት መስጠት አቆመች። ቀድመው የገቡት ግን ሚስት ማስመጣት ስለ ተፈቀደላቸው፣ በፎቶግራፍ ብቻ የታጩ ሙሽሮች በመርከብ ይመጡ ጀመር። ይህም ለጋዜጦቹ አዲስ ሲሳይ ሆነላቸው። ከ«ሳክራሜንቶ ቢ» ባለቤቶች አንዱ የነበረው ቪ. ኤስ. ማክላቺ የጃፓኖችን ልጆች መብዛት በቁጥር እያሰላ አገሬውን ያስፈራራ ነበር።

በ1920 በካሊፎርኒያ የነበሩት ጃፓኖች 72,000 ያህል ሲሆኑ ከሕዝቡ ከመቶ ሁለት እጅ ገደማ ነበሩ። እንግዲህ ብዙው መራጭ ጃፓንን የሚያውቀው በጉርብትና ሳይሆን በጋዜጣ ነበር ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። በ1913 የወጣው ሕግ ጃፓኖች የእርሻ መሬት እንዳይገዙ ከልክሎ ነበር፤ በ1920 ኖቬምበር ግን እንዳይከራዩም፣ በልጆቻቸው ስምም እንዳይዙ የሚያግደው ሕግ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ፤ አንዱ ሲቃወም ሦስቱ ደገፉት። የሚያስደንቀው፣ ካሊፎርኒያ የነጮች ሆና እንድትቀር እየሰበከ የተወዳደረው ሴናተር ጄምስ ፊላን በዚያው ቀን መሸነፉ ነው። ዓመቱ የሪፑብሊካን ፓርቲ የቀናበት ስለ ሆነ ብቻ አይመስለኝም። ፍርሃቱ የአንድ ፓርቲ ገንዘብ መሆኑ ቀርቶ የሁሉም ስለ ሆነ፣ ለዘሪው የተለየ ትርፍ አላስገኘለትም።

ማክላቺ በ1924 በአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ቃሉን ሰጠ፤ በዚያው ዓመት የወጣውም ሕግ የጃፓኖችን መግባት ዘጋ። የመሬቱ ሕግ በግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፈረሰው በ1952 ነው፤ የ«ክሮኒክል» የመጀመሪያው ጽሑፍ ከወጣ 47 ዓመት በኋላ።