የሥራ ውልና የወሊድ ቀጠሮ

አዲስ ሥራ የያዘች ሴት ከባለቤቷ ጋር ተቀምጣ «መቼ እንውለድ?» ብላ ስትመክር፣ ጉዳዩ የሁለቱ ብቻ፣ ምክሩም የጓዳ ምክር መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ ከሁለቱ ጋር ሦስተኛ ሆኖ የሚመክር አለ፤ እርሱም የሥራ ውሉ ነው። የሙከራው ጊዜ መቼ ያልቃል? በአራስነቷ ወራት ደመወዟ ይከፈላታል ወይ? ስትመለስስ ቦታዋን ታገኘዋለች ወይ? ባልና ሚስት እነዚህን እያሰቡ ወር ሲቆጥሩ፣ የሚቆጥሩት በአያሌ አገሮች ምክር ቤቶችና ፋብሪካዎች ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረውን የጊዜ ስሌት ነው። ስለዚህም የጥያቄው ታሪክ ሊመረመር ይገባዋል።

በአርሶ አደሩ ቤት ይህ ጥያቄ በዚህ መልኩ አይነሣም ነበር። ሴቲቱ የምትሠራበት ማሳና የምትወልድበት ጎጆ አንድ አጥር ውስጥ ነበሩ። አሠሪና ሠራተኛ፣ የሙከራ ጊዜና የስንብት ደብዳቤ የሚባል አልነበረም። አራሷን እናቷና ጎረቤቶቿ ይይዟታል፤ ገንፎው ይገነፋል፤ በኦርቶዶክሳውያን ዘንድም ክርስትናው ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ስለሚሆን የአራስነቱ ዘመን በቀን የተሰፈረ ነበር። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው አነጋገር የተወለደው ከዚህ ኑሮ ነው። እርግጥ ነው፣ ዘመኑ የምቾት ዘመን አልነበረም፤ ረዳት ያጣችው ደሀ ወገቧ ሳይጠና ወደ ወፍጮዋና ወደ እንጨት ለቀማዋ ትመለስ ነበር። ቢሆንም የልጁ ዕድል የብዙ እጅ ድጋፍ ነበረው።

ፋብሪካ ይህን አጥር አፈረሰው። ሥራው ከቤት ተለይቶ በደወል የሚገባበትና በደወል የሚወጣበት ሲሆን፣ የሰው ልጅ የመወለጃ ጊዜና የመኪናው ጊዜ ተጋጩ። በአውሮፓ የሽመና ፋብሪካዎች የሚሠሩ ሴቶች ምጥ እስኪይዛቸው ድረስ መኪናው ላይ ይቆማሉ፤ ከወለዱም በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይመለሱ ነበር። የሚያስመልሳቸው የዕለት ምንዳቸው መቅረቱ ነው። ስዊትዘርላንድ እ.አ.አ. በ1877 ባወጣችው የፋብሪካ ሕግ፣ በወሊድ ዙሪያ በድምሩ ስምንት ሳምንት ሴቲቱ ከፋብሪካው እንድትርቅ ደነገገች፤ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ ስድስቱ ከወሊድ በኋላ ነበሩ። ጀርመንም በማግሥቱ ዓመት ከወሊድ በኋላ የሦስት ሳምንት ክልከላ አደረገች።

እነዚህ ሕጎች በቅን ቢታሰቡም አንድ ትልቅ ጉድለት ነበራቸው፤ ሴቲቱን ከሥራ ሲያግዱ እንጀራዋን አልተኩላትም። ያለ ደመወዝ የሚሰጥ ዕረፍት ለደሀ ሰው ረሀብ ነው። በመሆኑም ከዚያ ወዲህ የተደረገው ትግል ሁሉ ዕረፍትን ከገንዘብ ጋር ለማጣመር ነበር። ጀርመን እ.አ.አ. በ1883 ባቆመችው የሕመም መድን፣ ለመድን ገቢዎቹ ወላዶች የሦስት ሳምንት ድጎማ ተሰጠ። በሩሲያ ከ1917ቱ አብዮት በኋላ አሌክሳንድራ ኮሎንታይ የማኅበራዊ ደኅንነት ኮሚሳር በነበረችበት ወቅት፣ የ16 ሳምንት የወሊድ ዕረፍት ከነክፍያው ታወጀ። እ.አ.አ. በ1919 ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በዋሽንግተን የመጀመሪያ ጉባኤውን ሲያደርግ ባወጣው 3ኛ ስምምነት ደግሞ ከወሊድ በፊት ስድስት፣ ከወሊድ በኋላ ስድስት ሳምንት ዕረፍት ከነመተዳደሪያው፣ በሥራ ሰዓትም ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት የማጥቢያ ፋታ ተወሰነ። ስምምነቱ ባለትዳርና ትዳር የሌላት፣ ዜጋና የውጭ ሴት ብሎ አልለየም።

ነገር ግን ስምምነት መፈረም አንድ ነገር፣ በሥራ ላይ ማዋል ሌላ ነገር ነው። በእንግሊዝ አገር አንዲት መምህርት ስታገባ ከሥራዋ ልትሰናበት የምትችልበት ደንብ የተሻረው እ.አ.አ. በ1944 ነው፤ በዚያው አገር በውጭ ጉዳይ አገልግሎት እስከ 1973 ቆይቷል። በአሜሪካ የክሊቭላንድ ከተማ የትምህርት ቦርድ ነፍሰ ጡር መምህራን ከመውለዳቸው አምስት ወር አስቀድመው እንዲወጡ፣ ልጁም ሦስት ወር ሳይሞላው እንዳይመለሱ ያስገድድ ነበር፤ ይህን ደንብ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሻረው በ1974 ነው። ለእነዚያ መምህራን «መቼ እንውለድ?» ማለት «መቼ ሥራ እንልቀቅ?» ማለት ነበር።

በሌላ በኩል ጥያቄው ራሱ ሊጠየቅ የሚችል የሆነው በቅርብ ዘመን ነው። የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን በአሜሪካ የተፈቀደው እ.አ.አ. በ1960 ሲሆን፣ በአገራችንም የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በ1966 ተመሠረተ። መውለድ በውሳኔ የሚሆን ጉዳይ ሲሆን ለሴቲቱ ነጻነት ጨመረላት፤ ዳሩ ግን አዲስ ሸክምም መጣባት። ቀድሞ «ፈጣሪ ሲፈቅድ» የነበረው አሁን «አንቺ ስትወስኚ» ሆነ፤ አሠሪውም በልቡ «ለምን አሁን?» ሊል ቻለ።

ሕግ አውጪዎችም ይህን «ለምን አሁን?» በአንቀጽ ጽፈውታል፤ ይኸውም የአገልግሎት ዘመን ቅድመ ሁኔታ ነው። እንግሊዝ እ.አ.አ. በ1975 የወሊድ መብትን በሕግ ስታጸድቅ፣ ወደ ሥራ የመመለሱን መብት ሁለት ዓመት ላገለገለች ሴት ብቻ ሰጠች። ዛሬ በዚያ አገር ዕረፍቱ 52 ሳምንት ሆኖ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቢፈቀድም፣ አሠሪው የሚከፍለውን የወሊድ ክፍያ ለማግኘት ልጁ ይወለዳል ከሚባልበት ሳምንት አስቀድሞ እስከ 15ኛው ሳምንት 26 ሳምንት በተከታታይ መሥራት ያስፈልጋል። እርግዝና 40 ሳምንት ነው፤ 15ቱ ሲቀነስ 25 ይቀራል። ስለሆነም ፀንሳ ሥራ የጀመረች ሴት በአብዛኛው ከመሥመሩ ውጪ ትወድቃለች። በአሜሪካ የ1993ቱ ሕግ 12 ሳምንት ዕረፍት ቢፈቅድም ያለ ደመወዝ ነው፤ እርሱም ቢያንስ 50 ሠራተኞች ባሉት ድርጅት 12 ወርና 1,250 ሰዓት ለሠራች ብቻ ነው። የሰው አካል ግን በአንቀጽ አይታዘዝም። ጤነኛ ጥንዶች እንኳ ለመፀነስ ብዙ ወራት ሊፈጅባቸው ይችላል፤ ዕድሜም በጨመረ ቁጥር ዕድሉ ይቀንሳል። የጥበቃውን ጊዜ የከፈለው ሕጉ ሳይሆን የሴቲቱ ዕድሜ ነው።

የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ በዚህ ረገድ የተሻለ መንገድ ይዟል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ከሙሉ ክፍያ ጋር የወሊድ ፈቃድን የሴቶች መብት አደረገ። በ1985 በወጣው አዋጅ ቁጥር 42 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን የነበረው ፈቃድ፣ በ2011 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሆኖ በጠቅላላው 120 ደርሷል። ይህን ለማግኘት ይህን ያህል ዓመት አገልግዪ የሚል ቅድመ ሁኔታ የለም። ነፍሰ ጡር ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በሥራ ላይ እንዳትመደብ፣ በእርግዝናዋ ወራትና ከወሊድ በኋላ እስከ አራት ወር በዚሁ ምክንያት ከሥራ እንዳትሰናበት ተከልክሏል። ለአባት የተሰጠው ፈቃድ ሦስት ቀን ነው።

ታዲያ ጥንዶቹ ለምን ይሠጋሉ? አንደኛው ምክንያት የሙከራው ጊዜ ነው። ይኸው አዋጅ የሙከራውን ዘመን ቀድሞ ከነበረበት 45 ቀን ወደ 60 የሥራ ቀን አሳደገው፤ ይህም በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ አሥር ሳምንት ነው። በዚያ ውስጥ አሠሪው ሠራተኛዋን ለሥራው ተስማሚ አይደለችም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ውሉን ሊያቋርጥ ይችላል። የስንብቱ ደብዳቤ «ተስማሚ አይደለሽም» ሲል፣ በውስጡ «ፀንሰሻል» የሚል ቃል መኖሩን ማን ያረጋግጣል? ሁለተኛው ምክንያት 120ው ቀን ካለቀ በኋላ ያለው ነው። የአራት ወር ሕፃን ለማን ይሰጣል? በ2010 የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ማዘዙ የዚህን ጥያቄ ክብደት ያስረዳል።

ማቆያ በሌለበት ግን መልሱ የታወቀ ነው፤ የቤት ሠራተኛ ትቀጠራለች። የመምህርቷን ልጅ አዝላ መምህርቷን ወደ ክፍሏ፣ ተዋናይቱን ወደ መድረኳ የመለሰችው እርሷ ናት። ሆኖም የአሠሪና ሠራተኛው አዋጅ ለትርፍ ያልሆነን የግል አገልግሎት ሥራ ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጪ አድርጎታል። 120 ቀኑ እርሷን አይቆጥራትም። እርሷ ብትፀንስ የምትመካከረው ከአዋጅ ጋር ሳይሆን ከእመቤቷ ፊት ጋር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ምክሩ ልብሷን በመቋጠር ያልቃል።

እንግዲህ የዚህ ታሪክ ትምህርት ይህ ነው፦ የወሊድ መብት በጥበቃ ጊዜ ሲታጠር፣ በሙከራ ጊዜ ሲሸረሸር፣ ወይም ለአንዷ ተሰጥቶ ለሌላዋ ሲነፈግ፣ ውሳኔው ከጥንዶቹ እጅ ወጥቶ ወደ ፍርሃት እጅ ይገባል። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ያሉት አባቶች የዕድሉን ከፊል በጎረቤት ጉልበት ይሸፍኑት ነበር። ጎረቤቱ በራቀበት ከተማ ያንን ከፊል የሚሸፍነው ሕግና ማኅበራዊ ተቋም ሊሆን ይገባል። ያን ጊዜ «መቼ እንውለድ?» የሚለው ጥያቄ ወደ ጓዳው፣ ወደ ሁለቱ ሰዎች ይመለሳል፤ ልጅ አዛይቱም ጥያቄውን በራሷ ቤት ለመጠየቅ ትበቃለች።