ፈሪሳውያን፣ ሰዱቃውያንና ሌሎቹም በሮማ አገዛዝ ዘመን



ፈሪሳዊ የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ስድብ ሆኖ ቀርቷል። «እሱ እኮ ፈሪሳዊ ነው» ስንል ግብዝ ነው ማለታችን ነው። ለመሆኑ ፈሪሳውያን በዘመናቸው እነማን ነበሩ? ከሰዱቃውያንስ ጋር ምን አለያያቸው? ስለዚህ ጉዳይ ባለችኝ አቅም ጥቂት ለማለት እፈልጋለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሮማው ጦር አዛዥ ፖምፔ ኢየሩሳሌምን የያዘው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ63 ዓመት ነው። በ6 ዓ.ም. ደግሞ የይሁዳ አገር በቀጥታ በሮማ ሹም መገዛት ጀመረች። ከዚያ በኋላ ሊቀ ካህናቱን የሚሾመውም የሚሽረውም ባዕድ ሆነ። ይባስ ብሎ ሊቀ ካህናቱ በታላላቅ በዓላት የሚለብሰው ልብሰ ተክህኖ በሮማ ወታደሮች ምሽግ ተቆልፎ ይቀመጥ ነበር። ለበዓል ይወጣል፣ በዓሉ ሲያልፍ ይመለሳል። ታዲያ ከእንዲህ ያለ ገዢ ጋር እንዴት ይኖራል? ጥያቄው አንድ ነበር፤ መልሱ ግን አራት ሆነ።

አንደኛዎቹ ሰዱቃውያን ናቸው። አብዛኞቹ የካህናት ባላባቶችና ባለጸጎች ነበሩ። የሚቀበሉት የተጻፈውን ሕግ ብቻ ሲሆን የሽማግሌዎችን ወግ አይቀበሉም፤ የሙታን ትንሣኤም የለም ይሉ ነበር። ቤተ መቅደሱ በእጃቸው ስለነበረ፣ እሱ እንዳይነካ ሲሉ ከሮማ ጋር ተስማምቶ መኖርን መረጡ።

ሁለተኛዎቹ ፈሪሳውያን ናቸው። የታሪክ ጸሐፊው ዮሴፉስ በንጉሥ ሄሮድስ ዘመን ከ6,000 በላይ እንደነበሩ ጽፏል። ከተጻፈው ሕግ ሌላ ከአባቶች በቃል የወረደ ወግ አለ ይላሉ፤ በትንሣኤና በመላእክትም ያምናሉ። ሕጉ በቤተ መቅደስ ብቻ ሳይሆን በየቤቱ፣ በየማዕዱ ይጠበቅ ስለሚሉ ተራው ሕዝብ ይሰማቸው ነበር። ስለ ሮማ ግን እርስ በርሳቸውም አልተስማሙም። ገሚሱ ሕጋችንን እስካልነኩብን ድረስ እንታገሥ ሲል፣ ገሚሱ ወደ ዐመፀኞቹ አዘነበለ።

ሦስተኛዎቹ ኤሴናውያን ሲሆኑ ቁጥራቸው ከ4,000 በላይ ነበር ይባላል። ንብረታቸው የጋራ፣ ማዕዳቸውም የጋራ ነበር። በ1947 ዓ.ም. ከሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ የብራና ጥቅሎች መገኘት ጀመሩ፤ ብዙ ሊቃውንት የእነዚሁ ሰዎች ናቸው ይላሉ። በዚያ የመጽሐፈ ሄኖክና የመጽሐፈ ኩፋሌ ቁርጥራጮች ተገኝተዋል። ሁለቱም መጻሕፍት ሙሉ ሆነው እስከ ዛሬ የቆዩት በእኛው በግዕዝ ነው። ይህ የሚያኮራን ነገር ነው።

አራተኛዎቹ በ6 ዓ.ም. ቄሬኔዎስ ሕዝቡን ለግብር ሲመዘግብ የተነሡት የገሊላው ይሁዳ ተከታዮች ናቸው። ከእግዚአብሔር በቀር ጌታ ስለሌለ ለሮማ መገበር ባርነት ነው አሉ።

ከዚህ ላይ እኛን የእድር ሰዎች የሚመለከት አንድ ነገር አለ። በዚያ ዘመን በኢየሩሳሌም አቅም ያለው ሰው ሬሳውን በዋሻ መቃብር ያሳርፍና፣ ከዓመት ገደማ በኋላ አጥንቱን ሰብስቦ በድንጋይ ሣጥን ያኖር ነበር። በ1990 ዓ.ም. የቀያፋ ስም የተቀረጸበት ሣጥን ተገኝቷል፤ ብዙዎች ከ18 እስከ 36 ዓ.ም. ሊቀ ካህናት የነበረው ቀያፋ ነው ይላሉ። እንግዲህ ትንሣኤ የለም የሚል ወገን እንኳ የሟቹን አጥንት እንደ ጎረቤቱ በክብር ይሰበስብ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ እኔ እንደሚመስለኝ ያጠፋቸው ልዩነቱ አይደለም። ፈሪሳዊና ሰዱቃዊ እየተከራከሩ በአንድ ሸንጎ ተቀምጠዋል፣ በአንድ ቤተ መቅደስ ሠውተዋል። በ66 ዓ.ም. ዐመፅ ተነሣ። ሮማውያን ወደ ከተማይቱ ሲቃረቡ ግን በውስጧ ያሉት ተዋጊዎች በአልዓዛር፣ በጊስካላው ዮሐንስና በስምዖን ባር ጊዮራ ሥር በሦስት ተከፍለው ይተራረዱ ነበር። አንዱ ሌላውን እጎዳለሁ ብሎ ለብዙ ጊዜ የሚበቃ የእህል ጎተራ በእሳት አጋዩ። ረሃቡ ግን የማን ወገን ነህ ብሎ አልጠየቀም። በ70 ዓ.ም. ቲቶ ከተማይቱን ያዘ፤ ቤተ መቅደሱም ተቃጠለ።

ከዚያ በኋላ ሰዱቃውያን ያለ ቤተ መቅደስ መቆም አልቻሉም፤ ኤሴናውያንም ጠፉ። የቆየው የፈሪሳውያን ትምህርት ነው። መምህሩ ዮሐናን ቤን ዘካይ ከተከበበችው ከተማ የወጣው እንደ ሞተ ሰው ሆኖ፣ ደቀ መዛሙርቱ በሬሳ ሣጥን ተሸክመውት ነው ተብሎ በአይሁድ መጻሕፍት ይተረካል። በያብኔ ከተማም ትምህርት ቤት አቋቋመ። የዛሬው የአይሁድ ሃይማኖት በአብዛኛው ከዚያ የፈለቀ ነው።

በእድራችንም ክርስቲያኑና እስላሙ፣ ሀብታሙና ድሀው በአንድ ድንኳን ይቀመጣል። በሁሉም ነገር ይስማማ አይባልም፤ በስብሰባችን እንኳ ስንቴ ተጨቃጭቀናል! ብቻ ተናደድን ብለን የጋራውን ጎተራ አናቃጥል።

ቸር ይግጠመን።