ግጣም ፎቶ

አክስቴ ሳሎን ውስጥ አንድ ትልቅ የቤተሰብ ፎቶ ተሰቅሏል። የትንሹ ልጃቸው ሠርግ ዕለት የተነሳ ነው። ከሙሽሮቹ በስተቀኝ ሱፍ ለብሶ የቆመው የበኩር ልጃቸው ግን በዚያ ዕለት አዲስ አበባ አልነበረም፤ ሪያድ ነበር። ፎቶ ቤቱ እሱ በስልክ ከላከው ፎቶ ላይ ቆርጦ አስገባው። የሁሉም ጥላ ወደ ግራ ሲወድቅ የእሱ ብቻ ወደ ቀኝ ወድቋል። አንድ ቀን ይህን ባሳያቸው «ታዲያ እሱ ከሌለበት የማን ቤተሰብ ፎቶ ነው የሚባለው?» አሉኝ።

እንዲህ ላለው ሥራ ደህና ስም የለንም። አንዱ «ኤዲት ነው» ይላል፣ ሌላው «ፎቶሾፕ» ይለዋል፤ ከፍ ሊያደርገው የፈለገ ደግሞ «ቅንብር» ይላል። ቅንብር ለሙዚቃ ሲሆን ክብር አለው። ፎቶ ላይ ሲመጣ ግን ወደ «የተቀነባበረ» ይንሸራተታል፣ የተቀነባበረ ደግሞ ለጆሯችን ሴራ ነው። ሥራው ሳይታይ ስሙ ፈርዶበታል።

እኔ የማቀርበው ቃል «ግጣም ፎቶ» ነው። ግጣም የድስት ክዳን ነው፤ ልኩ ሆኖ የሚገጥም። በተለያየ ቦታ ወይም ሰዓት የተነሱ ፎቶዎች ልክ ለልክ ገጥመው አንድ ምስል ሲወጣቸው ግጣም ፎቶ ልንላቸው እንችላለን። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ኮምፖዚት ይሉታል። ፎቶሞንታዥ የሚለውን ቃል የያዙት የበርሊን የዳዳ አርቲስቶች ደግሞ ሞንቶር፣ ማለትም ማሽን ገጣጣሚ ሠራተኛ፣ የሚለውን የጀርመንኛ ቃል በልባቸው ይዘው ነበር። እነሱ ከፋብሪካ ወሰዱ፣ እኛ ከማድ ቤት ብንወስድ ምን ይለናል?

ተቃራኒው በእንግሊዝኛ ስትሬት ፎቶግራፊ ይባላል። «ቀጥተኛ» ብሎ መተርጎም ይቀላል፤ ግን ያኔ ሌላው ጠማማ ሊሆን ነው። አማርኛ ፎቶ «ማንሳት» ይላል፣ ከመሬት ዕቃ እንደሚነሳ። ስለዚህ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ካሜራ የተወሰደውንና ሌላ ፎቶ ያልተጨመረበትን «እንደተነሳ ፎቶ» እለዋለሁ። እንደተነሳ አልኩ እንጂ እንደነበረ አላልኩም። ልዩነቱ በኋላ ይመጣል።

ግጣም ፎቶ የኮምፒውተር ልጅ አይደለም። በፈረንጆቹ 1850ዎቹ የነበረው የፎቶ መስታወት ለሰማያዊ ብርሃን ከመጠን በላይ ስስ ስለነበር ባሕሩ በደንብ እንዲወጣ ሲደረግ ሰማዩ ተቃጥሎ ነጭ ይሆናል። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ ባሕሩን በአንድ መስታወት፣ ደመናውን በሌላ አንስቶ አድማሱ ላይ ገጠማቸው። ዓይን ሁለቱንም አንድ ላይ ያያል፤ ያቃተው መስታወቱ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ ገጣሚዎች ለዓይን ታማኝ ለመሆን ብለው ነው የገጠሙት።

ኦስካር ሬይላንደር በ1857 ከዚያ ርቆ ሄደ። ከ30 በላይ ኔጋቲቮች ገጥሞ ሁለት ወጣቶች አንዱ ወደ በጎ ሥራ፣ ሌላው ወደ ፈንጠዝያ ሲያመሩ የሚያሳይ ሰፊ ምስል ሠራ። ማንቸስተር ላይ ታየ፣ ንግሥት ቪክቶሪያም አንድ ቅጂ ገዙ፤ ስኮትላንድ ውስጥ ግን እርቃናቸውን ያሉት ሴቶች አስቆጡ። በዓመቱ ሄንሪ ፒች ሮቢንሰን በ5 ኔጋቲቮች አንዲት ልጅ በቤተሰቦቿ ተከባ ስትሞት የሚያሳይ ፎቶ አወጣ። ልጅቷ ሞዴል ነበረች፣ አልታመመችም። ተመልካቹ ግን ሰው ሲሞት ካሜራ ይዞ መግባት ነውር ነው ብሎ ተቀየመ። ሠዓሊ የሞት አልጋ ሲሥል ማንም አይቆጣም። ፎቶ ሲሆን ተመልካች «ይህ ሰው እዚያ ነበር» የሚል ያልተጻፈ ውል ይዞ ይመጣል። የጠቡ ሥር ይህ ይመስለኛል፤ ገጣሚው በውሉ ይጫወታል፣ እንደተነሳ የሚያሳየው በውሉ ይኖራል።

ከእንደተነሳ ወገን፣ በ1932 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አንሰል አዳምስ፣ ኤድዋርድ ዌስተን፣ ኢሞጀን ከኒንግሃምና ጓደኞቻቸው ኤፍ 64 የሚባል ቡድን መሠረቱ። ስሙ የሌንስ ቀዳዳ በጣም ሲጠብ የሚሰጠው ቁጥር ነው፤ ያኔ ቅርቡም ሩቁም ጥርት ይላል። ሥዕል ለመምሰል የሚደበዝዝ ፎቶ ሰልችቷቸው ነበር። ሆኖም አዳምስ ራሱ በ1941 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ሄርናንዴዝ በተባለች መንደር ላይ ጨረቃ ስትወጣ ያነሳውን ፎቶ ዕድሜ ልኩን በጨለማ ክፍል ሲያጥበው ኖሯል። በቀደሙት ቅጂዎች ሰማዩ ፈካ ያለ፣ ደመናም ያለበት ነው፤ በኋለኞቹ ጥቁር ሆኗል። ፒያኖ ተጫዋች ነበርና ኔጋቲቩን ኖታ፣ ኅትመቱን ጨዋታ ያደርገው ነበር። ምንም አልጨመረም፤ እንደተነሳ ነው። እንደነበረ ግን አይደለም።

ፎቶ አንሺው ጄሪ ዩልስማን ከ1960ዎቹ ጀምሮ ተቃራኒውን መንገድ ይዞ ነበር፤ በጨለማ ክፍሉ ብዙ ማጉያ ማሽኖች ደርድሮ አንዱን ወረቀት ከማሽን ማሽን እያዞረ ቤትን ከዛፍ ሥር ያበቅል ነበር፣ ያለ ኮምፒውተር። እዚህ ላይ ቋንቋችን ሳንጠይቀው ስጦታ ይሰጠናል። ግጥምም ከመግጠም ነው የመጣው፤ ዩልስማን ፎቶ ገጣሚ ይባላል ማለት ነው።

ለዜና ግን ገጣሚ አያስፈልግም። ወርልድ ፕሬስ ፎቶ ውድድር ምስሉ ላይ ነገር መጨመርንም ከምስሉ መቀነስንም ይከለክላል፣ ትክክልም ነው።

ቃሉ የሚፈተነው እንደ ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ ሥራዎች ባሉት ላይ ነው። በፈረንጆቹ 2018 ዋተርኤድ ለተባለው የውሃ በጎ አድራጎት ድርጅት የሠራቻቸውን ስለ ውሃ የሚያወሱ ፎቶዎች አንድ ጓደኛዬ ስልኬ ላይ አይቶ «ግሩም ፎቶሾፕ» አለ። ቀለም የተቀቡ ሴቶች፣ ደማቅ ልብስ፣ ከሌላ ዓለም የመጣ የሚመስል መሬት። መሬቱ ዳሎል ነው። ሞዴሎቹንም ልብሱንም አፋር ድረስ ወስዳ፣ በዚያ ሙቀት አቁማ ነው ያነሳቻቸው። የተሰናዳ ትዕይንት ነው፣ ግጣም ግን አይደለም፤ የጥላውን አወዳደቅ እንዲያይ ስልኩን መልሼ ሰጠሁት።