ጎድዚላን ከባድ ያደረገው ካሜራ

ከ50 ሜትር ከፍታ የተለቀቀ ድንጋይ መሬት እስኪነካ ከ3 ሰከንድ በላይ ይወስድበታል፤ ከ2 ሜትር የተለቀቀው ግን አንድ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ1954 በጃፓኑ ቶሆ ስቱዲዮ የፊልም ኢፌክቱን ይመሩ የነበሩት ኤይጂ ሱቡራያ ትልቁ ፈተናቸው ይህ ልዩነት ነበር። በታሪኩ ውስጥ ጎድዚላ ቁመቱ 50 ሜትር የሚደርስ አውሬ ነው። ስቱዲዮው ውስጥ ግን የጎማ ልብስ ያጠለቀ ሰው ነው። የሚደረምሰው ፎቅም ከእውነተኛው 25 ጊዜ ያነሰ ሞዴል በመሆኑ ፍርስራሹ ቶሎ ይወርድና መጫወቻነቱ ይጋለጣል።

መላው የተገኘው ከካሜራው ፍጥነት ነው። ፊልም የሚታየው በሰከንድ 24 ፍሬም ነው። ካሜራው ከዚያ አብልጦ ሲቀርጽና የተቀረጸው በተለመደው ፍጥነት ሲታይ እንቅስቃሴው ይዘገያል። በሂሳቡ፣ 25 ጊዜ ያነሰ ሞዴል አወዳደቁ የእውነተኛ ፎቅ እንዲመስል እንቅስቃሴው 5 እጥፍ መዘግየት አለበት። የጎድዚላ አስፈሪነት ከጥርሱ ይልቅ ከዚህ ዝግታ የመጣ ይመስለኛል። እግሩን አንስቶ እስኪያሳርፍ የምንጠብቃት ቅጽበት ናት ክብደቱን የምታሳምነን።

ሱቡራያን በዚህ ሙያ ያሰከራቸው እ.ኤ.አ. በ1933 የወጣው የአሜሪካው «ኪንግ ኮንግ» ነው። የፊልሙን ቅጂ አግኝተው ፍሬም በፍሬም እያዩ አጠኑት። በጦርነቱ ዘመን የጃፓን አውሮፕላኖች ፐርል ሃርበርን ሲደበድቡ የሚያሳይ ፊልም በሞዴል መርከቦች ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1942 ለእይታ በቃ። ጃፓን ከተሸነፈች በኋላ ግን በዚሁ የጦርነት ዘመን ሥራቸው ምክንያት ከቶሆ ተባረሩ። ያንን ሁሉ ሙያ ይዘው ለዓመታት ከስቱዲዮው ውጭ ከቆዩ በኋላ ተመለሱ።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 1954 አሜሪካ በቢኪኒ ደሴቶች የሃይድሮጂን ቦምብ ስትሞክር ጨረር ያዘለው አመድ 23 ሰዎች የነበሩበት የጃፓን ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ላይ ዘነበ። የቶሆው ፕሮዲዩሰር ቶሞዩኪ ታናካ ቦምብ ከባሕር የቀሰቀሰውን አውሬ የማሳየት ሐሳብ ያመነጩት በዚያ ሰሞን ነው። ሱቡራያ ኪንግ ኮንግ በተሠራበት መንገድ፣ አሻንጉሊቱን በየፍሬሙ ጥቂት ጥቂት እያንቀሳቀሱ መቅረጽ ይመኙ ነበር። ፊልሙ ግን በዚያው ዓመት መድረስ ነበረበት። ስለዚህ አውሬውን ሰው ሊለብሰው ግድ ሆነ።

ያንን ልብስ የለበሰው ሃሩዎ ናካጂማ ነው። የመጀመሪያው ልብስ ክብደቱ 100 ኪሎ ገደማ ሲሆን ከመድረቁ የተነሳ ጥቂት ሜትር እንኳ አላራመደውም፤ ቀለል ያለ ሌላ ተሠራለት። ናካጂማ ዩኤኖ መካነ እንስሳት እየሄደ ዝሆኖችና ድቦች እግራቸውን እንዴት እንደሚያሳርፉ ተመለከተ። ካሜራው ሲፈጥን ብዙ ብርሃን ይፈልጋል፤ የመብራቱ ግለት በጎማው ውስጥ እስከ ራስ መሳት አድርሶታል። በተዋናዮች ዝርዝር ላይ ደማቅ ስም ያላወጣው ይህ ሰው የፊልሙ ዋና ተዋናይ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ከሞዴሎቹ ሁሉ እኔን የሚደንቀኝ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎቹ ነገር ነው። አውሬው ሲተነፍስባቸው ቀልጠው እንዲጎብጡ ከሰም ተሠርተው በሙቀት እንዲቀልጡ ተደረገ። ሕንፃዎቹ ደግሞ በቀላሉ እንዲፈርሱ የተዘጋጁ ነበሩ። ሱቡራያና ዳይሬክተሩ ኢሺሮ ሆንዳ ቶኪዮ ጊንዛ ሰፈር አንድ ጣሪያ ላይ ቆመው የቱን ሕንፃ እንደሚያቃጥሉ ሲመካከሩ የሰማ ጠባቂ ተጠራጥሮ እንዳስቆማቸው ይነገራል።

ጠባቂው አይፈረድበትም። ቶኪዮ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1945 በአንድ ሌሊት የአየር ድብደባ 100 ሺህ ያህል ሰው የሞተባት ከተማ ናት። ሆንዳም ከጦር ሜዳ ሲመለሱ የሂሮሺማን ፍርስራሽ አይተዋል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 3 ቀን 1954 ፊልሙ ሲወጣ ብዙው ተመልካች የሚነድ ከተማን በዓይኑ ያየ ሰው ነበር፤ እንዲህ ያለውን ሰው ደግሞ በጀሶ ግድግዳ ማታለል አይቻልም። ያም ሆኖ ወደ 9.6 ሚሊዮን ትኬት ተሸጠ።

ሱቡራያ እ.ኤ.አ. በ1970 አረፉ። ከ54 ዓመት በኋላ «ጎድዚላ ማይነስ ዋን» በቪዥዋል ኢፌክት ኦስካር ሲያሸንፍ፣ ከጎድዚላ ፊልሞች ይህን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ሆነ። ዳይሬክተሩ ታካሺ ያማዛኪ ኢፌክቱንም ራሳቸው መርተዋል፤ 610 ሾቶቹን የሠሩት 35 ባለሙያዎች ናቸው።