ስለ እኛ የተዘፈነው የገና ዘፈን፦ ያሳዝናል ወይስ ተስፋ ይሰጣል?

ፈረንጆቹ ገና በደረሰ ቁጥር የሚከፍቱት፣ ስለ እኛ የተዘፈነ አንድ ዘፈን አለ። ርዕሱ ጥያቄ ነው፦ «ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?» እነዚያ «ያውቃሉ ወይ» የተባሉት እኛ ነን።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም ያቀረበው ዘገባ እንግሊዝን አስደነገጠ። ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ዘፈኑን ደረሱ፤ ታዋቂ ዘፋኞችን ሰብስበው ኅዳር 16 ለንደን ውስጥ ቀረጹት። በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 8 ሚሊዮን ፓውንድ ተገኘበት። እዚህ ደግሞ ደርግ በዚያው መስከረም የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በድግስ አክብሯል። ፈረንጁን ከመውቀሳችን በፊት ይሄንንም እናስታውስ።

ታዲያ ዘፈኑ ያሳዝናል ወይስ ተስፋ ይሰጣል? አብዛኛው ግጥም ጨለማ ነው። መጨረሻው ላይ ግን ሁሉም አብረው የተራበውን እንመግብ ሲሉ ዜማው ይፈካል። ለሰሚው ተስፋ ነው፤ እጁን ከዘረጋ ሰው ይተርፋል። የተራበው ሰው ግን ዘፈኑ ውስጥ ድምፅ የለውም፣ ይጠብቃል እንጂ። ጋናዊ-እንግሊዛዊው ፊውዝ ኦዲጂ በ2014 እ.ኤ.አ. አዲሱን ቅጂ እንዲዘፍን ተጠይቆ እምቢ ያለውም ዘፈኑ አፍሪካን በሚስልበት መንገድ ምክንያት ነው።

ዘፈኑ አፍሪካን ውኃ የማይፈስባት ምድር ያደርጋታል። እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፤ ደጫቱን አውቀዋለሁ። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ግን ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። ገናንም ቢሆን፣ ታህሳስ 19 ለቁልቢ ገብርኤል የሚጓዘው ምዕመን በድሬ ሲያልፍ፣ 10 ቀን እንደቀረው ሙስሊሙ ጎረቤት ሳይቀር ያውቃል። ክርስትና አክሱም የገባው በ4ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እናውቃለን አቦ!

ከዚህ ዘፈን ጎን የድሬውን አሊ ቢራን አስቀምጡት። «ቢራ» የሚለውን ስም ያተረፈለት በልጅነቱ የዘፈነው «ቢራ ዳ በርኤ» ነው፤ ብራ ሆነ፣ ነጋ እንደማለት። በኦሮምኛ መዝፈን የሚያስጠረጥርበት ዘመን ነበር፤ አፍረን ቀሎ የተባለው ቡድናቸውም ታግዷል። እዚህ ግን ነጋ የሚለው ራሱ ጨለማው ውስጥ ያለው ሰው ነው።

የኔ ፍርድ፦ የለንደኑ ዘፈን ተስፋ አለው፣ እህልም ገዝቷል፤ ይሄ አይካድም። ተስፋው ግን የሰጪው ነው። ሁለቱንም አከታትላችሁ ስሙና እናንተም ፍረዱ።